ሦስት መቶ የተምር ችግኝና ባለቤት የሌለው ዛፍ



ሰልማን አል-ፋሪሲ (ረ.ዐ) ከባርነት ነፃ የወጣው በችግኝ እንደሆነ ታስታውሳላችሁ? ታሪኩን ብዙዎቻችሁ ከልጅነታችሁ ጀምሮ ሰምታችሁታል። ሆኖም ለልጆቻችን ስንተርክላቸው የምናተኩረው ከፋርስ ተነሥቶ እውነተኛውን ዲን ፍለጋ ከአንዱ መነኩሴ ወደ ሌላው በተንከራተተበት ረጅም ጉዞ ላይ ነው። በመጨረሻ ላይ ያለችውን የእርሻ ሥራ በሁለት ቃል አልፈናት እንሄዳለን። ዛሬ እዚያች ላይ ጥቂት ብንቆይ ምን ይመስላችኋል?

ሰልማን በመዲና የበኑ ቁረይዛ ሰው ባሪያ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከጌታው ጋር ተዋውሎ ራሱን እንዲዋጅ መከሩት። ጌታውም ዋጋውን ቆረጠ፦ ሦስት መቶ የተምር ዛፍ ተተክሎለት እንዲጸድቅለት፣ በተጨማሪም አርባ ወቂያ ወርቅ እንዲከፈለው። አንድ ባሪያ ይህን ከየት ያመጣል? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለሶሐቦቻቸው ወንድማችሁን እርዱት አሏቸው። አንዱ ሠላሳ ችግኝ፣ ሌላው ሃያ፣ ሌላው ዐሥራ አምስት፣ ሌላው ዐሥር፣ ሁሉም እንደ ዐቅሙ እያመጣ ሦስት መቶው ሞላ። ሰልማን ጉድጓዱን ቆፈረ፤ ባልደረቦቹም አብረውት ቆፈሩ። ጉድጓዱ ሲያልቅ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው መጡ። ችግኙን እያቀበሏቸው በተከበረው እጃቸው አንድ በአንድ ተከሉት። ኢማም አሕመድ በዘገቡት መሠረት ከዚያ ሁሉ ችግኝ አንዱም አልደረቀም።

አሁን አንድ ነገር አስተውሉ። እነዚያ ሦስት መቶ ዛፎች የማን ሆኑ? የሰልማን አልሆኑም፤ ችግኝ ያዋጡት ሶሐቦችም አልወሰዷቸውም። የዚያ ጌታ ንብረት ሆኑ። ጉድጓድ የቆፈሩት ሰዎች ከነዚያ ዛፎች አንዲት ፍሬ የመብላት መብት አልነበራቸውም። ሰው በላቡ ያለማውን ሌላው ሊበላው እያወቀ ጉድጓድ የሚቆፍርበት ምክንያት ምንድን ነው?

መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሙስሊም የተከለው ዛፍ ወይም የዘራው ዘር ሰውም፣ ወፍም፣ እንስሳም ከበላለት ለርሱ ሰደቃ እንደሚሆንለት ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ሐዲስ አለ። ቂያማ ሊቆም ሲል በእጁ ችግኝ የያዘ ሰው እንኳ መትከል ከቻለ ይትከለው የሚለውንም ሐዲስ በየመስጂዱ ስንሰማው ኖረናል። በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም። ይልቅስ ከሐዲሱ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ያሳስበኛል። የተምር ዛፍ ባለቤት አለው፤ ባለቤቱ ያጠጣዋል፣ ያጥረዋል፣ ይጠብቀዋል። በተራራው ጫፍ ላይ የበቀለውን ወይራ፣ በሸለቆው ውስጥ ያለውን ግራር፣ ማንም ያልተከለውንና ማንም የኔ ነው የማይለውን ዛፍስ ማን ይጠብቀዋል?

ለዚህ ጥያቄ ኢስላም የሰጠው መልስ ስም አለው። ሒማ ይባላል።

ሒማ ማለት የተከለለ፣ የተጠበቀ ቦታ ማለት ነው። ልማዱ ከኢስላም በፊትም በዐረቦች ዘንድ ነበር። መልኩ ግን ሌላ ነበር። ኢማም አሽ-ሻፊዒይ እንዳስረዱት ኃያል የሆነ ሰው ለምለም ቦታ ሲያገኝ ውሻውን ከፍ ያለ ስፍራ ላይ አውጥቶ ያስጮኸዋል። የውሻው ድምፅ እስከተሰማበት ድረስ ያለው ሣር በሙሉ የርሱ ከብቶች ብቻ ይሆናል። የሚገርመው፣ ከዚያ ውጪ ባለው ግጦሽ ላይ ደግሞ ከሌላው ሰው ጋር እኩል ያሰማራል! ደካማው በረሃ ላይ፣ ብርቱው በመስክ ላይ ማለት ነው።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህን አፈረሱት። ሒማ ለአላህና ለመልእክተኛው ካልሆነ በቀር ለማንም እንደሌለ ደነገጉ። የፊቅህ ሊቃውንት ይህን ሲያብራሩ ማንም ግለሰብ ለራሱ ጥቅም የጋራ መሬትን መከለል እንደማይችል፣ ለሕዝብ ጥቅም ሲባል ግን መከለል እንደሚቻል ተናግረዋል። በዚህም መሠረት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አን-ነቂዕ የተባለውን ስፍራ ለሙስሊሞች ፈረሶች ከለሉ። የመዲናን ዙሪያም ሐረም አደረጉ፤ ዛፉ አይቆረጥም፣ አውሬው አይታደንም። ሰዕድ ቢን አቢ ወቃስ (ረ.ዐ) አንድ ባሪያ በዚያ ክልል ውስጥ ዛፍ ሲቆርጥ አግኝተው በላዩ ላይ ያለውን ገፈፉት። የባሪያው ባለቤቶች መጥተው እንዲመልሱላቸው ቢለምኗቸው የአላህ መልእክተኛ የሰጡኝን አልመልስም ብለው እምቢ አሉ። ይህን የዘገቡት ኢማም ሙስሊም ናቸው። ዛፍ ለመቁረጥ የወጣ ሰው ራቁቱን ሊመለስ ይችል ነበር ማለት ነው።

ከሁሉ ይበልጥ ልቤን የሚነካው ግን የዑመር (ረ.ዐ) ታሪክ ነው። ዑመር በኺላፋቸው ዘመን (ከ13 እስከ 23 ዓመተ ሂጅራ) አር-ረበዛና አሽ-ሸረፍ የተባሉትን ስፍራዎች ከልለው ነበር። ሁነይ የሚባል ነፃ ያወጡትን ሰው የሒማው ጠባቂ አድርገው ሾሙት። ሲሾሙት የሰጡት ትእዛዝ በቡኻሪ ዘገባ ውስጥ ተመዝግቦ ይገኛል። ክንፍህን ለሙስሊሞች ዝቅ አድርግ፣ የተበደለን ሰው ዱዓእ ፍራ አሉት። ጥቂት ግመልና ጥቂት በግ ያለውን ድኻ አስገባው፤ የዐብዱረሕማን ቢን ዐውፍንና የዑስማን ቢን ዐፋንን ከብቶች ግን አታስገባ አሉት። ልብ በሉ፣ እነዚህ ሁለቱ ጀነት የተበሰረላቸው ታላላቅ ሶሐቦች ናቸው! ምክንያታቸውን ሲያስረዱም፣ የነርሱ ከብት ቢያልቅ ወደ ተምራቸውና ወደ እርሻቸው ይመለሳሉ፤ የድኻው ከብት ቢያልቅ ግን ልጆቹን ይዞ ወደ እኔ እየጮኸ ይመጣል፣ ያን ጊዜ ሣርና ውኃ ከመስጠት ወርቅና ብር መስጠት ይከብደኛል ማለታቸው ነው። ቀጥለውም የአካባቢው ሰዎች የበደልኳቸው ይመስላቸዋል፣ አገሩ በርግጥም የነርሱ ነው፣ በጃሂሊያ ዘመን ተዋግተውለታል፣ ኢስላምንም የተቀበሉት እዚያው ሆነው ነው፤ በአላህ መንገድ የምጭንባቸው እንስሳት ባይኖሩ ኖሮ ከመሬታቸው አንዲት ስንዝር ባልከለልኩ ነበር አሉ።

መሬት የሚከልል አሚር እንዲህ ሲጨነቅ ታያላችሁ? ሣሩን መጠበቅ እንዳለበት አምኗል፤ የሰዎቹንም መብት አልካደም። ሁለቱን በአንድ ልብ ይዞ ለጠባቂው አደራ ሰጠ።

ከዚያ ወዲህ በዐረብ ምድር ሒማ ለብዙ መቶ ዓመታት ኖረ። እያንዳንዱ ጎሳ ወይም መንደር የራሱን ይጠብቅ ነበር። አንዳንዱ ለድርቅ ጊዜ የሚታጨድ፣ ሌላው በተወሰነ ወቅት ብቻ የሚገባበት፣ ሌላው ለንብ የተተወ ነበር። በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ፣ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ፣ በሳዑዲ ዐረቢያ የግጦሽ መሬት ለሁሉም ክፍት እንዲሆን ሲታወጅ አብዛኛው ሒማ ጠባቂ አጣ። ሐሳቡ ጎሳዎች ሌላውን እንዳይከለክሉ ነበር። ነገር ግን በመኪና ውኃና መኖ እያመላለሰ መንጋውን የሚነዳ ባለሀብት ሲመጣ የሚያቆመው ሁነይ አልነበረም። በቅርብ ዓመታት ግን አንዳንድ አገሮች ወደ ጥንቱ ልማድ መመለስ ጀምረዋል። በሊባኖስ ከ2004 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ፣ በዮርዳኖስም በዘርቃ ወንዝ ተፋሰስ የበኒ ሃሺም ሰዎች መሬት ከልለው የአገሩ እፅዋት ተመልሰው እንዲበቅሉ አድርገዋል።

ይህ ሁሉ የአሚሮችና የጎሳዎች ታሪክ ነው፣ እኛ ተራ ሰዎች ምን እናድርግ የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እንግዲያው ከዐረቢያ እንውጣና ወደ ምዕራብ አፍሪካ እንሂድ። ስሙ ያዕቁባ ሳዋዶጎ ይባላል፤ ያዕቁባ ማለት በኛ አባባል ያዕቁብ ነው።

ያዕቁባ በ1946 (እ.ኤ.አ.) ዛሬ ቡርኪና ፋሶ በሚባለው አገር በሰሜኑ በያቴንጋ ክፍለ ሀገር ጉርጋ በምትባል መንደር ተወለደ። በልጅነቱ ወደ ማሊ ተልኮ ቁርኣን ቀራ። ዘመናዊ ትምህርት አልተማረም፤ አድጎ በዋሂጉያ ከተማ ገበያ ነጋዴ ሆነ። ንግዱ ደኅና ነበር። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሳሕል የሚባለው ምድር በሙሉ በድርቅ ሲመታ፣ ሰዎች መንደራቸውን እየጣሉ ሲሰደዱ፣ እርሱ በተቃራኒው ሱቁን ትቶ ወደ እርሻ ተመለሰ።

የተመለሰበት መሬት እንደ ድንጋይ የደረቀ ነበር። ዝናብ ሲመጣ ውኃው ሳይሰርግ ይንሸራተታል። የአካባቢው ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ዛይ የሚሉት ዘዴ ነበራቸው፤ ትናንሽ ጉድጓድ ቆፍሮ መዝራት ነው። ያዕቁባ ጉድጓዱን አሰፋው፣ አጠለቀው፣ ፍግና የሰብል ቅሪት ሞላበት። ቁፋሮውንም ዝናብ ከመምጣቱ በፊት በበጋው ጀመረ። ፍጉ ምስጥ ይስባል፤ ምስጡ ምድሩን ይሰረስራል፤ ዝናቡ ሲወርድ በተሰረሰረው በኩል ይሰርጋል። እኛ ጠላት የምንለውን ምስጥ እርሱ ሠራተኛ አደረገው። በተዳፋቱ ላይም ድንጋይ እየደረደረ የጎርፉን ፍጥነት ቀነሰ።

ማሽላው በቀለ። ከማሽላው ጎን ደግሞ በፍጉ ውስጥ የነበረ የዛፍ ዘር አብሮ በቀለ። ሌላ ገበሬ ቢሆን አርሞ ይጥለው ነበር። ያዕቁባ ተወው። ዓመት ቆይቶ አያቸው፤ ሌላ ዓመት ቆይቶ ሆን ብሎ የአገሩን ዛፎች ዘር እየለቀመ ይዘራ ጀመር። ለምግብ የሚሆነውን፣ ለመድኃኒት የሚሆነውን፣ ለከብት የሚሆነውን ሁሉ።

ጎረቤቶቹ ምን አሉት? አበደ አሉት። በበጋ መቆፈር ከአባቶች ልማድ ውጪ ነበር። በልማድና በመናናቅ ብቻም አልቀረም፤ ሰዎች ተነሥተው እርሻውንና ዛፎቹን በእሳት አቃጠሉበት። ውድ አንባቢያን፣ እዚህ ላይ ቆም በሉና ራሳችሁን በርሱ ቦታ አስቀምጡ። ያዕቁባ ግን እንደገና ተከለ። ከ1984 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮም በዓመት ሁለት ጊዜ በእርሻው ላይ ገበያ አዘጋጀ። ከመቶ ከሚበልጡ መንደሮች የመጡ ገበሬዎች የዘር ዓይነት እየያዙ መጥተው ይለዋወጡ፣ ዘዴውንም ያለ ክፍያ ይማሩ ነበር። አበደ ካሉት መካከልም ብዙዎቹ ዘዴውን ወሰዱ። በሕይወቱ መጨረሻ ያ ባዶ መሬት ወደ 40 ሔክታር የሚጠጋ፣ ከ60 የሚበልጡ የዛፍና የቁጥቋጦ ዓይነቶች ያሉበት ጫካ ሆኖ ነበር።

ታሪኩ በዚህ ቢያልቅ ደስ ባለን። ነገር ግን ዋሂጉያ ከተማ እየሰፋች መጣችና ባለሥልጣናት መሬቱን ለቤት መሥሪያ ሸነሸኑት። ያለማው ጫካ በወረቀት የርሱ አልነበረም። መልሶ ለመግዛት የተጠየቀው ገንዘብ ደግሞ ለአንድ ገበሬ የማይታሰብ ነበር። የዓለም ሰዎች ስሙን ያወቁት ከዚያ በኋላ ነው፤ በ2010 (እ.ኤ.አ.) ፊልም ተሠራለት፣ በ2018 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት፣ በ2020 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ድርጅትን ክብር ተቀበለ። በታኅሣሥ መጀመሪያ 2023 (እ.ኤ.አ.) ወደ አኺራ ሄደ። አላህ ይዘንለት።

በጎረቤት አገር በኒጀር የሆነውም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ከፈረንሳይ ቅኝ ግዛት በተወረሰው ሕግ በገበሬው ማሳ ውስጥ የበቀለ ዛፍ እንኳ የመንግሥት ነበር። ገበሬው የራሱን ዛፍ ቅርንጫፍ ቢቆርጥ ይቀጣል። ስለዚህ ምን አደረገ? ዛፉ ሳያድግ ነቅሎ ጣለው! ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ቁጥጥሩ ላልቶ ገበሬው የማሳውን ዛፍ እንደራሱ ማየት ሲጀምር፣ ከመሬት በታች በሕይወት የነበረው ጉቶ እየተገረዘና እየተጠበቀ አቆጠቆጠ። ለእውነት መመስከር ይገባልና፣ ይህን ዘዴ በማራዲ አካባቢ ካስፋፉት ሰዎች አንዱ ቶኒ ሪናውዶ የተባለ አውስትራሊያዊ ክርስቲያን ሚሲዮናዊ ነው። ሥራውን በማሳቸው ላይ የሠሩት ግን ሙስሊም ገበሬዎች ናቸው። ያጠኑት ሰዎች 5 ሚሊዮን ሔክታር የሚያህል መሬት በዛፍ እንደተሸፈነና 200 ሚሊዮን ያህል ዛፍ እንደበቀለ ይገምታሉ። ከዛፎቹ ዋነኛው ከግራር ወገን የሆነ፣ በዝናብ ወቅት ቅጠሉን አራግፎ በበጋ የሚለመልም ዛፍ ነው። የሐረርጌ ገበሬዎች ገርቢ ይሉታል። እነርሱም ከአያቶቻቸው ጀምሮ በማሽላ ማሳቸው መካከል ሲጠብቁት ኖረዋል።

እንግዲህ ወደ ቤታችን መጣን። እኛ ዘንድም ያ የባለቤትነት ጥያቄ ደርሷል። በ1970ዎቹ (ዓ.ም.) በወሎና በሌሎችም ቦታዎች ኮረብታ እየተከለለ፣ ሕዝቡ በምግብ ለሥራ እየወጣ እርከን ሠራ፣ ችግኝ ተከለ። እህል ይሰፈርለት ስለነበር ተከለ እንጂ ክልሉን የኔ ብሎት አልነበረም። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በየኮረብታው መጥረቢያ ተይዞ ተወጣ። ያ ሁሉ ድካም በብዙ ቦታ በጥቂት ወራት ማገዶና ማገር ሆነ። በዚያ ሕዝብ ላይ ለመፍረድ አልቸኩልም፤ የራበውና ያልተጠየቀ ሰው ነበር። ዑመር የተጨነቁለትን ያንን መብት ያሰበለት አልነበረም።

መጥረቢያው ያልነካውስ ምን ነበር? በብዙ አካባቢ የመቃብር ስፍራው ነበር። በወሎ መንገድ ስትሄዱ ኮረብታው ተራቁቶ ከመካከሉ አንድ የዛፍ ጉንጉን ብታዩ፣ ወይ ቤተ ክርስቲያን ነው ወይ የሙስሊም መቃብርና የሸኾች ዚያራ ነው። ወይራው፣ ጥዱ፣ ዋርካው እዚያ ተርፏል። ያን ዛፍ የጠበቀው ደመወዝተኛ ዘብ አልነበረም፤ ሰው በአባቱ መቃብር ላይ መጥረቢያ ማንሣት ስላልወደደ ነው። ዛሬ የአገሩን ዛፍ ለመመለስ የሚፈልግ ሰው ዘር የሚለቅመው ከነዚህ ስፍራዎች ነው። በመስጂዳችሁ ያሉ ወጣቶች በጎ ሥራ ፍለጋ ሲጠይቋችሁ፣ ሩቅ ሳትሄዱ እዚህ ልትጀምሩ ትችላላችሁ።

በቅድሚያ ግን ከአንድ ስሕተት እንጠንቀቅ። ዛፍ ትከሉ ሲባል እጃችን የሚሄደው ወደ ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን ከውጭ የመጣ ነው፤ ቶሎ ያድጋል፣ ቤት ይሠራል፣ ገንዘብ ያመጣል፣ እኔም አልነቅፈውም። ነገር ግን መኖሪያው የባለቤቱ ጓሮ ነው። ኮረብታውን ለመመለስ ወይራ፣ ጥድ፣ ዋንዛ፣ ብሳና፣ ኮሶ፣ ዝግባ፣ ግራር ያስፈልጋል፤ እንደየአካባቢው ደጋና ቆላ።

ወይራን እንውሰድ። በየቤታችን መፋቂያው ወይራ ነው፤ የወተት ዕቃ የሚታጠነው በወይራ ነው። የምንቆርጠውን ያህል ግን ወይራ የተከለ ቤተሰብ ስንት ይሆናል? በተፈጥሮ ወይራን የሚተክሉት ወፎች ናቸው። ፍሬውን በልተው ዘሩን በቁጥቋጦ ላይ ሲያርፉ ይጥሉታል፤ ቁጥቋጦው ከፍየል አፍና ከፀሐይ ይጋርደዋል። ሐዲሱ ወፍ የበላው ሁሉ ሰደቃ ይሆንላችኋል ሲል፣ ወፉ ደግሞ የበላውን መልሶ ይተክላል ማለት ነው፤ ሱብሓነላህ! ስለዚህ ለተከላ ስትወጡ ቁጥቋጦውን መንጥራችሁ ቦታ አታጽዱ። ችግኙን ከቁጥቋጦው ጥግ፣ ከጥላው በኩል ትከሉት። ቁጥቋጦ በሌለበት እሾህ ቆርጣችሁ ዙሩበት። በብዙ ቦታ ደግሞ ምንም መትከል ሳያስፈልግ ከብት እንዳይገባ ከመንደሩ ሰው ጋር ተስማምቶ መከለል ብቻ ይበቃል፤ ጉቶው በሕይወት አለና።

መስማማት ያልኩት ለወጉ አይደለም። ከከተማ በአውቶቡስ ሄዶ፣ ችግኝ ተክሎ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ የሚመለስ ሰው የእረኛውን ልጅ አላነጋገረም። ያ ልጅ ፍየሎቹን የት ያሰማራ? ሣሩን አጭዶ የሚወስደው ማነው? ባል የሞተባት እናት ማገዶዋን ከየት ታምጣ? ዑመር (ረ.ዐ) ለሁነይ የነገሩት ይህንኑ ነበር፤ ጥቂት በግ ያለው ይግባ። ከመንደሩ ሽማግሌዎችና ከኢማሙ ጋር ተቀምጣችሁ ይህን ሳትጨርሱ ዶማ አታንሡ።

በ2011 ዓ.ም. ሐምሌ 22 ቀን በአገራችን በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደተተከለ መነገሩን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ብዙዎቻችሁም ወጥታችሁ ተክላችኋል፤ አላህ ይቀበላችሁ። ነገር ግን ችግኝ የሚፈተነው በሐምሌ አይደለም። ዝናቡ በመስከረም መጨረሻ ይቆማል፤ ከኅዳር እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ ነው የሚገድለው። በጎ ፈቃደኞች የማይታዩትም ያን ጊዜ ነው።

ስለዚህ ቤተሰባችሁን ይዛችሁ የምትወጡ ከሆነ በክረምት አንድ ቀን፣ በበጋ ደግሞ ብዙ ቀን መድቡ። ለእያንዳንዱ ልጅ ሦስት ወይም አራት ችግኝ ይበቃዋል፤ ስሙን ይወቅ፣ የቆመበትን ድንጋይ ይለይ። ጥር ላይ ጀሪካን ይዛችሁ ተመለሱና አብራችሁ ቁጠሩ፤ ሰልማን ለጌታው ሦስት መቶውን ሲያስረክብ አንዱም አልደረቀም ነበርና። የደረቀ ካለ ቦታውን ምልክት አድርጉበትና ለሚመጣው ክረምት ዘሩን ከመቃብሩ ወይራ ሥር ልቀሙ።